ከአቡጀዲው ጀርባ

ጠዋት በሩ ሲከፈት መጋዘኑ ባዶ ነበር።

ሰሌኑ ተነጥፏል። የውኃ ቅሉ ጥግ ላይ ቆሟል። ማታ የተሰጣቸው ገንፎ ሳህኑ ላይ ደርቋል። ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሰው እዚያ የተዘጉት ልጆች ግን አንዳቸውም የሉም። ግድግዳው አልተነካም። የበሩም መወርወሪያ ከውጭ እንደተወረወረ ነው የተገኘው።

የጋምቤላ ፖሊስ አዛዥ ሻምበል ይርዳው ባዶውን ክፍል አየና ወደ ዘበኛው ወደ ኦጁሉ ዞረ።

"መሬት ዋጠቻቸው?"

"አላውቅም ጌታዬ። እኔ እንኳ ትንሽ... ፊልሙን..."

"ፊልሙን!"

ኦጁሉ ያን ጊዜ አለቀለት። ከመጋዘኑ በር ተነስቶ ወደ ፊት ዞሮ ፊልም ሲያይ እንዳመሸ በገዛ አፉ ተናዘዘ።

"ነገ ጠዋት የመቱ መኪና ይነሳል" አለ ሻምበሉ። "ልጆቹን ያስወጣው ካልተገኘ ያስወጣሃቸው አንተ ነህ።"

በዚያ ዘመን "አብዮት ቀልባሽ" ተብሎ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ወደ መቱ የተጫነ ሰው ሲመለስ ያየ የለም። የኦጁሉ ሚስት ይህን ስትሰማ ከአጥሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ ለአስር አለቃ ኦፒው ተሰጠ። ኦፒው የዚያው የጋምቤላ ልጅ፣ አኙዋክ ነው። ነገር ማነፍነፍ ይወዳል፤ ሲሳካለት ደግሞ መመስገን ይወዳል። ከሁለቱ የትኛውን አብልጦ እንደሚወድ ግን ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

ትናንት ማታ ተንቀሳቃሽ ሲኒማ መጥቶ ነበር። መኪናው ሜዳው ላይ ቆሞ፣ በመጋዘኑ ማዕዘንና በማንጎው ዛፍ መካከል ትልቅ አቡጀዲ ተወጠረ። መጀመሪያ ሰልፍና ትራክተር ታየ፤ ሕዝቡ አዛጋ። ቀጥሎ የሕንድ ፊልም መጣ፤ ሕዝቡ አበደ። ሁሉም ከፊት ለፊት ሜዳው ላይ ነው የተቀመጠው። ከአቡጀዲው ጀርባ ያለው፣ የመጋዘኑ በር የሚከፈትበት ጓሮ በሸምበቆ የታጠረ፣ ለማንም የተከለከለ ነበር። ከፊት በነጻ እየታየ ማን ጓሮ ይገባል?

ስለዚህ የከተማው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ሆነ፦ "ፊልም ላይ ነበርኩ።"

ኦፒው የት ነበርክ ብሎ መጠየቅ ተወ። "ፊልሙ እንዴት ነበር?" ይላል። ያላየ ሰው እዚህ ላይ ይንተባተባል ብሎ ነው።

መጀመሪያ የተያዘው ታንኳ ቀዛፊው ማቻር ነው። ጠዋት ታንኳው ከቦታዋ ጠፍታ፣ ባሮን ተሻግራ ማዶ ሸምበቆ ውስጥ ተገኝታለች። ዘመዶቹም ድንበር ማዶ ናቸው።

"ፊልሙ እንዴት ነበር?"

"ያ ሰውዬ ሞኝ ነው" አለ ማቻር ተናዶ። "ጠላት ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ይዘፍናል!"

"ዘፈኑን አልወደድከውም?"

"ዘፈን ጥሩ። ግን መጀመሪያ ተኩስ፣ በኋላ ዝፈን።"

"ታንኳህስ?"

"ማን እንደፈታት እኔ አላውቅም። እኔ ከሆንኩ ማዶ እተዋታለሁ? በምን ልበላ?"

ሻምበሉ ራሱ ሳቀ። ማታ አጠገቡ ቆሞ "ኋላህን እይ!" እያለ ወደ አቡጀዲው ሲጮህ የነበረውን ሰው አስታወሰ። ማቻር ነበር፤ ተለቀቀ።

ቀጥላ ጨርቅ ነጋዴዋ ዘሃራ ተጠራች። የወንድሟ ልጅ ከጠፉት አንዱ ነው። እሷ ደግሞ ልቅሶው እንደበዛ፣ የሙሽራዋ ልብስ ግን እንዲህ ያለ ሐር ጋምቤላ ገብቶ እንደማያውቅ ተረከች። ጎረቤቶቿ ሁሉ መሰከሩላት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያለቀሰች ማንንም ፊልም አላሰማችም።

ቀትር ላይ ኦፒው ራበው። ባሮ ዳር ዓሣ ጠብሳ፣ ሻይ አፍልታ ወደምትሸጠው ወደ አቻን ሄደ። ሊመረምራት አይደለም፤ ሊበላ ነው። ልጅነቱን ግማሹን በእሷ ቤት ነው ያሳለፈው። አንድያ ልጇ ኤልያስ ጓደኛው ነበር፤ በመጀመሪያው አፈሳ ሄደ፣ መርዶው ከሰሜን መጣ። አሁን ማንም ስለሌላት ማንም አልጠረጠራትም።

በአኙዋክ ቋንቋ ነው የሚያወሩት።

"እናቴ፣ አንቺም ፊልሙን አየሽ?"

"አየሁ።"

"እንዴት ነበር?"

"ብዙው አልገባኝም።" ዓሣውን ገለበጠች። "ያ ልጅ ከእስር ቤት መጥቶ እናቱን ሲያጎርሳት ግን ገባኝ።"

"እኔም እዚያ ላይ ዓይኔን ጠረግኩ።"

"በግራ እጁ ነው ያጎረሳት። ነውር ነው፣ እናትን በግራ እጅ ያጎርሷታል? ግን የኔ ልጅ ይምጣልኝ እንጂ፣ በግራውም ቢሆን ያጉርሰኝ አልኩ።"

ኦፒው በየትኛው እጅ እንደሆነ ልብ አላለም ነበር፤ እንባ ይዞት ነበርና። ዓሣውን በላ። ሊጠረጥራት አላሰበም፤ ሐዘኗ ብቻ ነው የከበደው።

አመሻሽ ላይ ከሻምበሉ ጋር ጓሮውን ሊፈትሹ ገቡ። ከወንዙ በኩል የአጥሩ ሸምበቆ ሰው በሚያሳልፍ መጠን ተከፍቶ፣ መልሶ ተጠጋግቷል። ሌላ ምንም የለም። ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። "ኦጁሉ ይጫናል" አለ።

በዚህ መካከል የሲኒማው ሰው ማታ የተበጠሰውን ፊልም ጠግኖ ለመሞከር መኪናውን አስነሳ። አቡጀዲው በራ። እስረኛው ልጅ ቤቱ ገባ፣ እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ፣ ከሳህኑ ቆረሰና አጎረሳት።

በግራ እጁ።

 ኦፒው የአቡጀዲውን ጫፍ ገልጦ ራሱን ወደ ፊት አሻገረ። በቀኝ እጁ። መልሶ ወደ ጓሮው ገባ። በግራ።

"ጌታዬ! ይምጡ ይዩ! ከፊት ሲታይ ቀኝ ነው፣ ከዚህ ግን ግራ ነው!"

"እና ምን ይሁን?"

"ከፊት ያየ ሰው በግራ እጁ አጎረሳት አይልም! ግራ ያለ ሰው እዚህ ቆሞ ነበር ማለት ነው!"

ሻምበሉ ጫፉን ገልጦ አየ። ፊቱ በራ። የኦፒውን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

"አንበሳ! እና ግራ ያለህ ሰው አለ?"

"አቻን" አለ ኦፒው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ኦፒው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነበር።

ቤቷ ሄደው ሲጠይቋት አቻን አልካደችም። ሻምበሉ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ኦፒው ያስተረጉማል። አስተርጓሚ ይቀየርልኝ ሊል ፈልጎ ምክንያቱን ምን እንደሚል አጣ።

"ለምን አስወጣሻቸው? አንቺ እዚያ ውስጥ ልጅ የለሽ።"

"አዎ፣ የለኝም" አለች። "ኤልያስም ሲወሰድ እዚያ መጋዘን ነበር ያደረው። እኔ ደጁ ቆሜ አደርኩ። ዘበኛው እንቅልፍ ወስዶት ነበር። መወርወሪያው በውጭ ነው፤ እጄን ብዘረጋ ይከፈት ነበር። ፈራሁ። ነጋ፣ ወሰዱት። ትናንት ሕዝቡ ሲያጨበጭብ መወርወሪያውን ሳብኩት። ቀላል ነበር። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ያቃጠለኝ።"

ኦፒው ይህን ቃል በቃል አስተረጎመ።

"ለምን መልሰሽ ወረወርሽው?"

"እስኪነጋ እንዳይታወቅ። ታንኳዋን ፈትቼ ሰደድኳቸው። አጥሩን ልገጥም ተመለስኩ፤ ያ ልጅ እናቱን ሲያጎርስ ብርሃኑ ላይ አየሁት። መሄድ አቃተኝ። እስኪያልፍ ቆምኩ።"

"ዘበኛው በአንቺ ፋንታ እንደሚሞት አላሰብሽም?"

አቻን አንገቷን ደፋች። "አላሰብኩትም። በዚህ ብቻ ነው የምጸጸተው።"

ሻምበሉ ወጣ። ኦፒው ሊላት የፈለገው ብዙ ነበር፤ "እናቴ፣ ይቅር በይኝ" ብቻ አለ።

"አሁን ገና የጠበስኩት ዓሣ አለ" አለች። "ለኦጁሉ ሚስት ስጣት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።"

በማግስቱ አቻን በመቱ መኪና ተጫነች። ኦፒው ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። ዝም ቢል ኦጁሉ ይሞታል። ቢናገር እሷ። ሌላ መንገድ ይኖር ነበር? የኦጁሉን መልቀቂያ የሚያስገኝ፣ የእሷን ስም የማያስጠራ? ምናልባት አይኖርም ነበር። ግን ለማሰብ አንድ ሌሊት ነበረው፤ ሌሊቱ ከመምጣቱ በፊት ተናገረ።

መኪናው አቧራውን አንስቶ ሄደ። ኦጁሉ ከእስር ወጥቶ፣ ሚስቱን አስከትሎ መጣ። የኦፒውን እጅ በሁለት እጆቹ ያዘ። ያለቅስ ነበር።

"ወንድሜ፣ እኔን ለማዳን ብለህ እናትህን አሳልፈህ ሰጠህ። ይህን የኔ ልጆች አይረሱትም።"

ኦፒው አፉን ከፈተ። ስሟን የጠራ ጊዜ ኦጁሉ በሐሳቡ አልነበረም። ሚስቱም፣ ልጆቹም አልነበሩም። ሻምበሉ አንበሳ ብሎት ነበር፣ ደስ ብሎት ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ኦጁሉ እጁን አልለቀቀውም። መልስ ይጠብቃል።

"አዎ" አለው ኦፒው። "ለአንተ ብዬ ነው።"