ከገመዱ ሥር የተነሳው ጆንያ

ኩማ ገመዱን በብርብራው ግንድ ዙሪያ አሳልፎ ሁለቱንም ጫፎች ወደ ገደሉ ወረወረ። ሙሉ ሰውነቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳበው። ለቀቅ አደረገና እንደገና ሳበው። ሦስተኛ ጊዜ ሲስበው ግዛቸው ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ጋሼ ኩማ፣ ዛፉን ሊነቅሉት ነው ወይስ እኛን ሊያወርዱን?»

«ገመድ ነው። ይፈተናል።»

«ናይለን እኮ ነው፣ የመንግሥት። እንደ እርስዎ ቃጫ እንዳይመስልዎት።»

ኩማ ገመዱን አራተኛ ጊዜ ሳበው። ሙሉጌጥ ፊቷን ወደ ሸለቆው አዞረች። ከእግሯ በታች ወንዙ ከሃያ ሜትር በላይ ተወርውሮ ይከሰከሳል፤ የሚነሳው ጉም ድንጋዩን ሁሉ አርሶታል።

ከአዋሳ የወጡት ጎህ ሲቀድ ነበር። ላንድሮቨሩ በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች አናት ላይ አውርዷቸው ተመለሰ። ሥራቸው ወንዙን ተከትለው እየወረዱ የውሃውን መጠን ሦስት ቦታ ለክተው፣ ማምሻውን ከታች፣ ጥርጊያው መንገድ ላይ ከመኪናው ጋር መገናኘት ነው። ወደዚህ ሸለቆ ከተገባ ወደ ኋላ መመለስ የለም። መንገዱን የሚያውቀው ደግሞ ገደል ለገደል ማር ሲቆርጥ የኖረው ኩማ ብቻ ነው። የሙሉጌጥና የግዛቸው መሥሪያ ቤት እሱን ካሳሰረ በኋላም መልሶ የለመነው ለዚህ ነው።

አምና በዚሁ ወንዝ፣ ዛፍ በሌለው ሌላ ፏፏቴ፣ በገመድ ላይ የነበረው ተፈራ የሚባል የሥራ ባልደረባቸው ነበር። ገመዱ ኩማ ከእንሰት ቃጫ በገዛ እጁ የገመደው ነው። የገደሉ ጠርዝ እንደ ቢላ ስለሚቆርጥ ኩማ አንድ ጆንያ አጥፎ ከገመዱ ሥር አነጠፈና ሙሉጌጥን «ይህን ጠብቂ» አላት። እሱ ከቋጥኙ ጀርባ ሆኖ ገመዱን በወገቡ ያዘ፤ ከዚያ ሆኖ ጠርዙ አይታየውም። ድንገት ዝናብ ወረደ። በሙሉጌጥ ስም ወጪ የሆነው የመለኪያ መሣሪያ ሳጥኑ ተከፍቶ ሜዳ ላይ ነበር። የመንግሥት ንብረት አበላሸ የተባለ ሰው በዚያ ሰሞን ምን እንደሚደርስበት ታውቃለች። ጆንያውን ሳበችና መሣሪያውን ሸፈነችበት። ለአፍታ ነው ብላ ነበር። ገመዱ ባዶው ድንጋይ ላይ ተፈግፍጎ ተበጠሰ።

ተፈራ አልሞተም። ዳሌው ተሰብሮ አዋሳ ታቦር ሰፈር ከሚገኘው ቤቱ በምርኩዝ እንኳ እምብዛም አይወጣም። በምርመራው ስብሰባ ላይ ሙሉጌጥን የጠየቋት አንድ ነገር ነበር፦ «ገመዱ አሮጌ ነበር?» «አዎ፣ አሮጌ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ስለ ጆንያው የጠየቃት አልነበረም። ኩማ ስምንት ወር ታሰረ።

«ጓድ ሙሉጌጥ፣ ተራሽ ነው» አላት ግዛቸው። ገመዱን በወገቧና በትከሻዋ አዙራ፣ ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ ወረደች። ውሃው ጭንቅላቷን ደበደበው፤ ትንፋሽ አሳጣት። እግሯ በሚያዳልጠው ድንጋይ ላይ እየከዳት ወርዳ ወርዳ እስከ ወገቧ የሚደርስ ኩሬ ውስጥ ገባች። ሁለቱ ተከተሏት። ኩማ አንዱን ጫፍ ስቦ ገመዱን ከግንዱ አወረደው።

የመጀመሪያውን ልኬት ጨርሰው ጉዞ እንደጀመሩ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዛቸው። የሸለቆው ግድግዳ ከግራና ከቀኝ እየተጠጋ ሰማዩን አንዲት ፈትል አሳከለው። ሁለተኛውንም እየተንቀጠቀጡ ለኩ። ከዚያ ከላይ ጩኸት ተሰማ። ከዝናቡ የተጠለሉ ዝንጀሮዎች ሰው ሲያዩ ደንግጠው በገደሉ ወገብ ላይ ተራወጡ፤ ከእግራቸው ሥር የተፈነቀለው ድንጋይ ተከታትሎ ወረደ።

«ወደ ግድግዳው!» አለ ኩማ።

ግዛቸው ሳጥኑን አቅፎ ተለጠፈ። ሙሉጌጥ አንድ እርምጃ ዘገየች። ድንጋዩ ጉልበቷን አገኛት።

ኩማ ነጠላውን ቀዶ ጉልበቷን ጠፍንጎ አሰረላት። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈታበት። ብርዱ መስሏት ነበር።

«ማር አሁንም ይቆርጣሉ?» አለችው።

«ተውኩ። ገመዶቼን ሁሉ አቃጠልኩ።»

«ለምን?»

«ሰው ጥለዋላ። በየበዓሉ ለተፈራ ቤት ቆጮ አደርሳለሁ። ሚስቱ ትቀበለኛለች፤ አታናግረኝም።»

«ታስረው ወጥተዋል እኮ።»

«እስሩ የመንግሥት ነው። የእኛ ሽማግሌዎችም ጠየቁኝ። ገመድህ ደህና ነበር ብለህ ትምላለህ? አሉኝ። እንዴት እምላለሁ? ሲበጠስ አላየሁም። እኛ ዘንድ ያላዩትን መማል ዘር ያጠፋል። አልማልኩም። ያን ቀን ከሶንጎው፣ ከሸንጎአችን፣ ተነስቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ አላውቅም።» የጨርቁን ጫፍ ቋጠረው። «ተነሺ፣ ውሃው ደፍርሷል፤ ሙላት ሊመጣ ነው።»

ሙሉጌጥ ተነሳች። እሱ ታስሮ ሲወጣ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ሰውየው ግን ዓመት ሙሉ የእሷን ጥፋት የራሱ ነው ብሎ ተሸክሞታል።

የመጨረሻው ፏፏቴ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ሥሩ ያለው ኩሬ በግራ በኩል ጥልቅ ነው። ግዛቸው ጫማውን አጠበቀ።

«ሳልመለስ ብቀር የአባልነት መዋጮዬን እንዳትከፍሉልኝ» ብሎ ዘለለ። ከታች ጭንቅላቱ ብቅ ሲል እጁን አወዛወዘ። ኩማ ሳጥኑን በገመድ አወረደለት።

እዚህ ገመድ የሚታሰርበት ዛፍ የለም። የሚወርደውን ሰው ሌላ ሰው በወገቡ ይዞ ነው የሚያወርደው። ሙሉጌጥ ዋና አትችልም፤ ጉልበቷም አብጧል።

«ሰው አልይዝም» አለ ኩማ።

«ሳጥኑን ይዘው የለ?»

«ሳጥን እይዛለሁ። ሰው ግን...» እጁን ዘረጋላት። እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። «እይው። ይህ እጅ ነው የሚይዝሽ?»

ከበስተላይ ድንጋይ የሚያንከባልል ድምፅ መጣ። የወንዙ ሙላት ነው። ወንዙ ከቁርጭምጭሚታቸው ወደ ባታቸው ወጣ።

«ይችላሉ፣ ጋሼ ኩማ» አለች። የተናገረችው ለራሷም ባዶ ሆኖ ተሰማት። አንድ ነገር ብቻ ነበር እጁን የሚያጸናው። እሱን ከሰማ በኋላ ደግሞ ሕይወቷ ያለው በዚያው እጅ ላይ ነው።

«ገመድዎ ደህና ነበር» አለች።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ጆንያውን እኔ ነኝ ያነሳሁት። መሣሪያውን ሸፈንኩበት። ገመዱን ድንጋዩ ነው የቆረጠው።»

ኩማ አፉን ከፍቶ አያት።

«ሰው ገመዱ ላይ እያለ?»

«አዎ።»

«በስብሰባው ላይ አልተናገርሽም።»

«አልተናገርኩም።»

ኩማ ወደ እሷ ተጠጋ። ገመዱን በብብቷ ሥር አዙሮ አሰረ። ከፊቱ ምንም ልታነብ አልቻለችም። ጠርዙ ላይ ጆንያ አነጠፈ፤ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ተቀምጦ እግሩን ተከለና «ሂጂ» አላት።

ሄደች። እኩሌታው ላይ ገመዱ ቆመ። በአየር ላይ ተንጠልጥላ፣ ውሃው በጎኗ እያገሳ፣ ቆየች። ገመዱን በሁለት እጇ ጨበጠች። ቢለቀኝ ምን እላለሁ? ብላ አሰበች። ገመዱ መውረድ ጀመረ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ያለ አንዳች ንቅናቄ። ለምን እንደቆመ ኋላም አልጠየቀችውም።

ግዛቸው ተቀብሎ ፈታት። ኩማ ገመዱን ወርውሮ ዘለለ። ሦስቱም እየተጎተቱ በቀኝ በኩል ካለው ዳገት እንደወጡ ሙላቱ ቀይ አፈርና ግንድ ይዞ ቁልቁል ተደፋ፤ ኩሬው ጠፋ። ሦስተኛውን ልኬት ያነሳው አልነበረም።

ጥርጊያው ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ አዋሳ ሐይቅ በኩል አዘንብላ ነበር። የላንድሮቨሩ ሞተር ተነስቷል።

«ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ» አለ ኩማ። «እዚያ ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ። ከዚያ ለተፈራ። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱም።»

«ነገ ነይ፣ መኪና እንለምንልሻለን» አላት ግዛቸው፤ ምን እንደሚነጋገሩ አልገባውም። «በዚህ ጉልበት የት ልትሄጂ ነው? ግቢ።»

ሙሉጌጥ የተከፈተውን የመኪና በር አየች። አዋሳ ከገባች፣ ደረቅ ልብስ ከለበሰች፣ ነገ ምክንያት እንደማታጣ ታውቃለች። ምክንያት ማግኘት ለዓመት ለምዳዋለች። የልኬቱን ደብተር አውጥታ ለግዛቸው ሰጠችው።

«ለአለቃችን፣ ያለ ፈቃድ ቀርታለች በላቸው።»

መኪናው ሄደ። ኩማ ወደ መንደሩ የሚወስደውን አቀበት ጀምሮታል። አልጠበቃትም። እሷም እንዲጠብቃት አልጠየቀችም፤ እግሯን እየጎተተች ተከተለችው።