ካሚል ያልሠራቸው ስድስት የቁልፍ መያዣዎች

ኢንስፔክተር ወርቅነሽ በሩን እንደከፈተች ፊቷን መልሳ መንገዱ ላይ ተፋች። የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደጋት ሴት ናት፤ ሸዋሮቢት ከተመደበች ሦስት ዓመት ቢሞላትም ሙቀቱን አንድም ቀን አልወደደችውም። ሙቀትና ሬሳ አንድ ክፍል ውስጥ ሲዘጋባቸው የሚያወጡትን ሽታ ደግሞ ለጠላቷም አትመኝም። አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና ገባች።

ካሚል ግንባሩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሞቷል። ከአፉ የወጣው አረፋ ጢሙ ላይ ደርቋል፤ ያስመለሰው ወርዶ ጫማው ውስጥ ገብቷል። ዝንቦቹ ግማሽ ከቀረው የፓፓያ ጁስ ወደ ከንፈሩ፣ ከከንፈሩ ወደ ጁሱ ይመላለሳሉ። በዚያ ሙቀት፣ በቀትር፣ ሁለቱም መስኮቶች ተዘግተዋል።

ካሚልን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ከሞቱ ኮምፒውተሮች ውስጥ ፕሮሰሰር የምትባለውን አራት ማዕዘን ቁራጭ እየነቀለ፣ በጎማ ቅርጽ ውስጥ ያስቀምጥና ሬዚን ያፈስባታል። ሬዚን ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው እንደ መስታወት የሚጠጥሩት ነው። ቀለበት ሲገባላት የቁልፍ መያዣ ትሆናለች፤ ለምርቃት፣ ለሠርግ፣ ለመሸኛ ስጦታ ትሸጣለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሰው በብዛት የሚፈልገው ሌላ ነበር፤ አጣዬ ከነደዱ ቤቶች ተለቀሙ የተባሉ፣ ፊታቸው የተለበለበ ፕሮሰሰሮች። ካሚል ራሱ የአጣዬ ልጅ ነው፤ ሱቁም እዚያው ነው የነደደው። ገዢው እያለቀሰ ነበር የሚገዛው።

የጤና መኮንኑ ብርጭቆውን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ። «የሬዚን ሽታ አፈነው እንዳትሉ። ይሄ የሽንኩርት ጸረ-ተባይ ነው።»

«እንዲህ እየሸተተ እንዴት ጠጣው?»

«አፍንጫው አይሠራም ነበር» አለች በሩ ላይ የቆመች ወጣት። ሒክማ ትባላለች፤ ከካሚል ጋር ሦስት ዓመት የሠራች ናት፤ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። «ሬዚኑ አደነዘዘው። የተበላሸ ወጥ እንኳ እኔ ካልነገርኩት ይበላ ነበር።»

«ጁሱን ማን አመጣለት?»

«እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጎረቤት ከጋሽ የኋላሸት ጁስ ቤት አመጣለታለሁ። አስቀምጬለት እናቴን ሐኪም ቤት ይዤ ሄድኩ። ስመለስ ስድስት ሰዓት ነው።»

ሳጅን አሚን ማስታወሻውን ከደነ። ለእሱ ነገሩ አልቋል፤ ጁሱን ያመጣችው እሷ፣ ሟቹ እንደማያሸት የምታውቀው እሷ። ሒክማ ከሰዓት በኋላ ታሰረች፤ በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ በነፍስ ግድያ ተጠርጥራ ፍርድ ቤት እንድትቀርብ ተወሰነ። እናትዬው ከሐኪም ቤት በቀጥታ ጣቢያው በር ላይ መጥተው ተቀመጡ።

ወርቅነሽ ግን ከጠረጴዛው አልተነሳችም። ከሟቹ እጅ አጠገብ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው የጎማ ቅርጽ ነበር፤ ሁሉም በሬዚን ተሞልቷል። በቀኝ ያሉት ስድስቱ ፕሮሰሰሮች ንጹሕ ናቸው፤ ጽሑፍ አይታይባቸውም፤ ወደ ላይ የወጣው ባለወርቅ እግሩ ጀርባቸው ነው። በግራ ያሉት ስድስቱ የተለበለቡ ናቸው፤ ጽሑፋቸው ወደ ላይ አፍጥጧል። በአንደኛው ውስጥ ዝንብ ሰምጣ ክንፏን እንደዘረጋች ቀርታለች። ወርቅነሽ ዓይኗን አላነሳችም። ክፍሉን አሽጋ ወጣች።

ጋሽ የኋላሸት የቤቱም አከራይ ናቸው። ጥያቄ ሳይጠየቁ መለሱ።

«ተጣልተናል፤ አልክድም። ሽታው ደንበኛ ስላባረረብኝ ቤቴን ልቀቅ ብዬዋለሁ። ግን በገዛ ጁሴ ሰው ልግደል? ነገ ማን ሊጠጣልኝ?»

«ጸረ-ተባይ ቤትዎ አለ?»

«ሽንኩርት የሚተክል ሁሉ አለው። እዚህ አገር ማን ሽንኩርት አይተክልም?»

«ሥራ ክፍሉስ ገብተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ደጃፉ ላይ ስደርስ ያቅለሸልሸኛል።»

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ደረጄ ነው። የሞቱ ኮምፒውተሮችን ከአዲስ አበባ የሚያመጣ፣ ሬዚኑን የሚገዛ፣ የተሠራውን የሚሸጥ የካሚል ሸሪክ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ሰው ነው።

«ከአዲስ አበባ ስመጣ፣ መንገድ ላይ ጣርማ በር ስደርስ ነው የተደወለልኝ» አለ። «ካሚልን ካየሁት ወር አልፎኛል። ወንድሜ ነበር እኮ።»

«የተለበለቡትን ፕሮሰሰሮች ከየት ነበር የምታመጣው?»

«አጣዬ ካሉ ሰዎች ነዋ፤ ከፍርስራሹ ለቅመው ይሰጡኛል። ሕዝቡ ታሪኩን እንዲይዝ ብዬ ነው እንጂ ጥቅም ፈልጌ አይደለም።»

ወርቅነሽ ጣቢያ ተመልሳ ሒክማን አነጋገረቻት።

«የተለበለቡትን መቼ ሞላችኋቸው?»

ሒክማ ቀና አለች። «አልሞላንም። ካሚል ከእሑድ ጀምሮ የተለበለቡት ያሉበትን ከረጢት አትንኪው ብሎኛል። ለምን ስለው ‹ያስጠላል› ብቻ አለኝ። ሰኞና ማክሰኞ እህልም አልቀመሰ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም በካሚል ሥራ ክፍል ተሰበሰቡ። መስኮቶቹ ተከፍተዋል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ጋሽ የኋላሸት ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠቅልለዋል። ሒክማ በካቴና ናት። ወርቅነሽ ባዶ የጎማ ቅርጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ለሦስቱም አንዳንድ ፕሮሰሰር ሰጠቻቸው።

«ሬዚን ሊፈስበት ነው ብላችሁ አስቀምጡልኝ።»

ጋሽ የኋላሸት እንደመጣላቸው ጽሑፉን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡ። ደረጄ ትከሻውን ሰብቆ እንደዚያው አደረገ። ሒክማ ካቴና ባለው እጇ፣ ሳታስብበት፣ ገልብጣ በፊቱ ደፋችው።

«ለምን ገለበጥሽው?»

«የቅርጹ ወለል ላይ ያለው ወገን ነው ለስልሶ የሚወጣው። ላይኛው አረፋና አቧራ ይይዛል፤ እሱ ጀርባው ነው።»

«አያችሁ» አለች ወርቅነሽ። «ካሚል አንድ ሺህ ጊዜ የደፋውን ስድስት ጊዜ አይስትም። በቀኝ ያሉት የእሱ ናቸው። በግራ ያሉትን የሞላው ሌላ ሰው ነው። እየሠራ ሳለ በሬዚኑ ታፍኖ ሞተ እንዲባል ፈልጎ መስኮት ዘጋ፣ ቅርጽ ሞላ። ሒክማ አይደለችም፤ እጇ አያስችላትም። አሁን ጋሼ፣ ሬዚኑን እንዴት ይደባልቁታል?»

«እኔ ምን አውቄ። እኩል እኩል ይሆናላ።»

«እኩል ከሆነማ ዓመት ቢቆይ አይደርቅም» አለ ደረጄ ፈገግ ብሎ። «ሁለት እጅ ለአንድ ነው፤ በሚዛን።»

ወርቅነሽ በግራ ካሉት አንዱን ከጎማው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ መታችው። እንደ ድንጋይ ጮኸ።

«ልክ ነህ፤ ደርቋል። የሞላው ሰው መጠኑን ያውቃል፤ አቀማመጡን ግን አያውቅም። ሬዚኑን ይገዛል፣ የተሠራውን ይሸጣል፤ አንድም ቀን ግን እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አልሠራም።»

ፈገግታው ከደረጄ ፊት ጠፋ። «ይሄ ማስረጃ ነው? ጣርማ በር ነበርኩ አልኩ እኮ።»

«ሳጅን አሚን ከትናንት ማታ ጀምሮ ፔንሲዮኖቹን ሲዞር ነበር። ካሚል ከመሞቱ በፊት የነበረውን ሌሊት ያደርከው እዚሁ ከተማ ነው፤ መታወቂያህን አስመዝግበሃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተሃል። ሒክማ ከሄደች በኋላ ገብተህ፣ ካሚል እንደማያሸት ታውቃለህና መርዙን ጁሱ ውስጥ ጨመርክ።» ወርቅነሽ የደረቀውን ቁራጭ ገለበጠችው። «ደግሞ የሞላሃቸው ካሚል አልነካም ያላቸውን ነው። ለምን አልነካም እንዳለ ተመልከቱ። ፊቱ ከስሏል፤ ጀርባው ግን ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል፤ ወርቁ እንኳ አልደበዘዘም። ቤት ሲነድ ውስጡ ያለው ዕቃ በአንድ ወገን ብቻ አይቃጠልም። ስድስቱም እንዲሁ ናቸው። ይሄ የጋዝ ነበልባል ነው። የሞቱ ፕሮሰሰሮችን እየገዛህ፣ ለብልበህ፣ የአጣዬ ናቸው ትላለህ። ካሚል እሑድ ዕለት ገልብጦ አየ።»

ደረጄ ቀና አለ።

«ለገዛ ሁሉ እደውላለሁ አለ። አንድ በአንድ። ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ለመሆኑ ማንን ጎዳሁ? ማስታወሻ ፈለጉ፣ ማስታወሻ ሰጠኋቸው። ቁራጩ ያው ቁራጭ ነው። አልቅሰው ወጥቶላቸው ይሄዱ ነበር።»

ወርቅነሽ በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ በአብዛኞቹ ተናዳለች፣ በአንዳንዶቹም አዝናለች። የዚህ ግን የተለየ ነው፤ ተጸየፈችው። ትናንት ዝንቦቹ እንኳ እንዲህ አላስጠሏትም። የሒክማን ካቴና ፈትታ እሱ እጅ ላይ ስታስገባ ጣቷ ቆዳውን እንዳይነካ ተጠነቀቀች።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ አንዲት እናት ደረሱ። የካሚል ደንበኛ እትዬ ራህመት ናቸው፤ ከአጣዬ በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጡ፣ ምንም ያልሰሙ።

«ካሚል የለም እንዴ ልጄ? ለእህቴም አንድ እንዲሠራልኝ አዝዤው ነበር።»

ሒክማ የታሰረችበትን አንጓዋን እያሸች ወርቅነሽን አየቻት። ወርቅነሽ ደረጄን ይዞ ሊወጣ የነበረውን ሳጅን በእጇ አስቆመችው። ሒክማ ወንበር ስባ ሴትዮዋን አስቀመጠችና መጀመሪያ መርዶውን ነገረቻቸው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ እትዬ ራህመት። አለቀሱ።

«እትዬ፣ ሌላም አለ። የወሰዱት ዕቃ ከአጣዬ የመጣ አይደለም። በጋዝ የተለበለበ ነው። ካሚልም አላወቀም ነበር፤ ሲያውቅ ሊነግራችሁ ሲል ነው የገደሉት።»

እትዬ ራህመት ከጉያቸው የቁልፍ መያዣውን አወጡ። ቁልፍ የለበትም። ገልብጠው አዩት።

«የአደም ነው ብዬ» አሉ። «ልጄ እዚያ የኮምፒውተር ሱቅ ነበረው። እሱም ሱቁም አንድ ላይ ነው የነደዱት። ሌሊት ሌሊት ከሱ የቀረኝ ይሄ ነው እያልኩ ስስመው ነበር።»

ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያም ደረጄ እያያቸው፣ በሻርፓቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ጠረጉ፤ እንደገናም ጠረጉ።