የመቶ ሰማንያ ሰባት ከብት ጌታ

በጥር ወር ፳፻፲፭ ዓ.ም. ማገባደጃ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣበት ቀን፣ ከሆሳዕና ወጣ ባለው መንደር እንቁላል የጣለች ዶሮ እንኳ ሳትንጫጫ ወረደች ይባላል።

አቶ ኤርሲዶ ሀንዲሶ፣ ልጃቸው ሲላስ ገና ሳይፈተን በቤተ ክርስቲያን መድረክ ቆመው «ጌታ ዶክተር ሰጥቶኛል» ብለው የመሰከሩ፤ በዚህም «የዶክተሩ አባት» የሚል ማዕረግ ያገኙ ሰው ነበሩ። አሁን በግቢያቸው አቮካዶ ሥር፣ በቀኛቸው የደቡብ አፍሪካው መንገድ ደላላ፣ ምስክር የሚባለው፣ ተቀምጧል፤ በግራቸው ለጉዞው የሚሸጡት ሁለት በሬዎች ያመነዥካሉ። ነገሩ ተቆርጧል፤ ሲላስ ካለፈ ዩኒቨርሲቲ፣ ከወደቀ ከሰዓት በሚነሳው መኪና ወደ ሞያሌ። አምና በዚያው መንገድ የሄደው የጎረቤት ልጅ እስከዛሬ አልደወለም።

ሲላስ ስልኩን ከፈተ፤ ከሰባት መቶ፣ መቶ ሰማንያ ሰባት።

«ስንት አመጣህ?»

«ይነሱልኝ አባባ፤ ቲቢማ ፊት አይቀመጡም።»

ቲቢማ በሀዲያ አባቶች ዘመን መቶ ከብት የሞላለት ሰው ደግሶ የሚሾምበት ማዕረግ ነው።

«መቶ የሞላለት ይከበራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ መቶ ሰማንያ ሰባት አለኝ። ሂሳብ ብቻውን አሥራ አንድ ጥጃ ወልዶልኛል!»

ማንም አልሳቀም። ደላላው ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ መኪናው አይጠብቅም፤ በሬዎቹን ልንዳ?»

የሲላስ አፍ ግን አላረፈም።

«ጋሽ ምስክር፣ ይህን ያህል ከብት ያለው ጌታ በኮንቴይነር ታሽጎ ይሄዳል? ቢያንስ መስኮት ይገባኛል እኮ!»

እናቱ ወይዘሮ ዓለሚቱ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየም። አቶ ኤርሲዶ የጎረቤታቸውን ደጅ አሻግረው አዩ። ከዚያ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ማለፊያው ስንት ነው?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ሦስት መቶ ሃምሳ።»

«እንግዲያው መቶ ስልሳ ሦስት ጎድሎታል፤» አሉ ወደ ደላላው ዞረው፤ «እዚሁ ያርባ። በሬዎቼን ልቀቅ።»

በእሑዱ መድረክ ላይም ቆመው፣ «ዶክተር ብዬ ነበር፤ ለጊዜው ከብት አርቢ ነው» ብለው ጉባኤውን አሳቁ።

የዚያ ዓመት መዝገብ ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ግድም እንዳለፈ ጽፎ ተዘጋ፤ ሲላስም ከወደቁት ጋር ተቆጠረ። ያን ቀን ሞያሌ በወረደው መኪና ላይ ባዶ ስለቀረችው ወንበር የጻፈ ግን የለም።