ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ማሰሮ

ጦሩ ድል አድርጎ በተመለሰበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ፈንጣጣም ከወታደሩ ጋር ከተማ ገባ። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሳለ አንድ ሻለቃ የከታቢውን ቤት አንኳኳ፤ ይህ ከታቢ በልጅነቱ ፈንጣጣ ፊቱን ጠቃቅሶ የማረው፣ ከሕመምተኛ ገላ የረገፈ ቅርፊት አድርቆና ፈጭቶ፣ የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ጫር እያደረገ የሚከትብ ሰው ነበር።

«ለበሽተኞቻችን ውኃ የሚያቀብል ሰው አጥተናል» አለ ሻለቃው። «የተከተበ አይያዝም ይላሉ። እንግዲያው የከተቧቸውን ይስጡን።»

ከታቢው የከተባቸውን በልቡ ቆጠረ። በዚያ ክረምት ከከተባቸው መካከል አንዲት ልጁ ነበረች፤ እሷን ደብቆ የሰው ልጅ ቢሰጥ ከእንግዲህ ምላጩን ማን ያምናል?

«አባዬ፣ እኔም እሄዳለሁ» አለች ልጅቱ ከጓዳ ብቅ ብላ። «ስትከትበኝ ትኩሳት እንኳ ሳይነካኝ አይደል ያለፍኩት? እጅህ መድኃኒት ነው ይሉ የለ?»

አባትየው ሳቀ፤ ኮራም። የያዘ ክትባት እንደሚያተኩስ፣ ክንድ ላይም መግል እንደሚቋጥር ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ይጠራጠር ነበር፤ የራሱ ሆነችና ሳትሠቃይ በማለፏ ፈጣሪን አመስግኖ ከሌሎቹ ተከታቢዎች ጋር ወደ በሽተኞቹ ላካት።

ወር ሳይሞላ በቃሬዛ መለሷት። ሽፍታው ፊቷንና መዳፏን ሞልቶት፣ ጉሮሮዋ ቆስሎ ውኃ አልወርድ ብሏት ነበር። እጅጌዋን ሰብስቦ ክንዷን አየ፤ ከምላጩ ቀጭን መስመር በቀር ጠባሳ የለም።

«ማሰሮውን ማን ነካው?» ሲል ሚስቱን ጠየቃት። ቅርፊቱን የሚያኖርበት ማሰሮ ቦታው የጓዳው ቀዝቃዛ ወለል ነበር።

«እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲበረታ እንዳይሻግትብህ ብዬ ከምድጃው አስጠጋሁት፤ ኋላም መለስኩት። ምነው፣ አጠፋሁ?»

ቫይረስ የሚባል ስም ገና አልተሰማም። ያ በዓይን የማይታይ ነገር ከሰው ገላ በቀር የሚራባበት እንደሌለው፣ በደረቅ ቅርፊት ውስጥ በቅዝቃዜ ሰንብቶ በሙቀት እንደሚጠፋ፣ የጠፋውም ገላን ምንም እንደማያስተምር የሚያስረዳ አልነበረም። ከታቢው ግን ሙቀት ቅርፊቱን እንደሚያመክነው ከአባቱ ሰምቷል።

«የለም» አላት። «አላጠፋሽም።»

ልጅቱ ሞተች፤ ከዚያው ማሰሮ ተከትበው አብረዋት የገቡትም አንድ በአንድ ተከተሏት። የዚያ ዓመት ታሪክ ሲጻፍ ስለ ድሉ ብዙ ተባለ፤ ወረርሽኙ «ሕዝቡም ታመመ» ተብሎ ታለፈ። ከታቢው ሁሉንም በእጁ ቀበረ፤ ፈንጣጣ አንዴ የማረውን ተመልሶ አይነካምና፣ እሱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ።