የሙሲላ ጨርቅ

ይህን የምጽፈው እንቅልፍ ልነሳችሁ ብዬ አይደለም። የሆነውን ነው።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ናይሮቢ፣ ካሪዮባንጊ፣ እኛ ጋራዥ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። ሰይጣን በጠራራ ፀሐይ አይወጣም የሚል ካለ መጥቶ ያነጋግረኝ።

ንጆጉ የሚባል ባለ ሚኒባስ መኪናውን እየነዳ ገባ።

«ሞተሩ ገና መታደሱ ነው። የዘይቱ መብራት ግን አልጠፋም አለኝ።»

«ማን አደሰው?» አለ ባልደረባዬ ባራሳ።

«ሙሲላ።»

«እሱስ የታለ?»

«አገሩ ገባ።»

ንጆጉ የጋራዡን በር ከውስጥ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። የጎማ መፍቻ ይዟል።

«ሳይሠራ የሚወጣ የለም።»

ባራሳ ሳቀ። «ምነው ጌታው፣ በግ ነን እንዴ?»

ንጆጉ በብረቱ አፉን አለው። ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ...

ባራሳ ደሙን ተፋና መፍቻ አንስቶ ወደ ሞተሩ ዞረ። ሌላ ምን ያድርግ?

እኛ ሰፈር እያንዳንዱ መካኒክ መጥረጊያ ጨርቁን የሚቀደው ከገዛ አሮጌ ልብሱ ነው። አንዱን ቅዳጅ የእጁ አንጓ ላይ ያስራል። ሞተር ውስጥ ጨርቅ ከተረሳ፣ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የሙሲላ ቀይ መስመር አለው።

መብራቱ ዋሽቶ እንዳይሆን ሴንሰሩን ፈትቼ በቦታው የዘይት ግፊት መለኪያ ጌጅ ገጠምኩ። አስነሳሁት። ሞተሩ ሲሞቅ ጠቋሚው ወደ ዜሮ ወረደ።

አልዋሸም።

«ኩሽኔታው ይሆን?» አልኩ።

«ቢሆን ያንኳኳ ነበር» አለ ባራሳ በተሰበረ አፉ። «ፓምፑ ዘይት አይደርሰውም። ማጣሪያው ታፍኗል።»

ዘይቱን አፍስሰን የሞተሩን የታች ሳህን አወረድን።

ማጣሪያው ላይ ጨርቅ ተለጥፏል። ባለ ቀይ መስመር።

ቋጠሮው አልተፈታም። መሃሉ ላይ... የሰው እጅ አንጓ አጥንት።

«የመጥረጊያው አይደለም» አለ ባራሳ በሹክሹክታ። «የእጁ ነው።»

«ዝም በል።»

«ሰውዬው አገሩ አልገባም፣ ኦንዲየኪ።»

«ምን አገኛችሁ?» አለ ንጆጉ ከላይ።

«ቆሻሻ ነው ጌታው።»

ጨርቁን ከነአጥንቱ ኪሴ ከተትኩ። ማጣሪያውን አጥበን ገጠምን፣ አዲስ ዘይት ሞላን፣ አስነሳሁ። ጠቋሚው ሽቅብ ወጣ። ንጆጉ ፈገግ ብሎ የበሩን ቁልፍ አወጣ...

ጠቋሚው ወረደ።

ንጆጉ ባራሳን ጎኑን መታው። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ።

«አጥፋው! ራሴ አየዋለሁ።»

አጠፋሁ። የሞተሩን ቁልፍ ነቅዬ በእጄ ያዝኩ። እጄ ላይ ነበር፣ እምላለሁ።

ንጆጉ አጎንብሶ እጁን ወደ ቺንጋው፣ ሞተሩ ወደሚያሽከረክረው ቀበቶ፣ አስገባ።

ሞተሩ ተነሳ።

ቺንጋው እጁን እስከ አንጓው ጎተተው። ጩኸቱ ከሞተሩ በላይ ነበር። የበሩ ቁልፍ ከሌላ እጁ ወደቀ። አነሳሁት፣ ባራሳን ደግፌ ከፈትኩ።

ዞር ብዬ አየሁ።

ንጆጉ ወድቋል። እጁ እዚያው ቀርቷል። ደሙ በፈሰሰ ቁጥር ጠቋሚው ይወጣል... ይወጣል... እንደ አዲስ ሞተር ቀጥ ብሎ ቆመ።

ንጆጉ መካኒክ አይደለም። ጨርቅ አስሮ አያውቅም።

ቺንጋው ላይ የቀረው አንጓ ላይ ግን ጨርቅ ታስሯል። ባለ ቀይ መስመር።

ኪሴን ዳሰስኩ።

አጥንቱ ብቻ ነበር።