ሰባቱን ከዋክብት ያየንበት ማታ

እዚህ ቻናል ላይ የሚለጠፉትን ታሪኮች ሳነብ "ወሬኛ ሁላ!" እያልኩ ነበር የማልፈው። ዛሬ ተራው የኔ ሆነ። ወሬኛ በሉኝ... ግድ የለኝም።

የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ሰሚት ሰፈር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።

እኩለ ሌሊት አይደለም። መቃብር ስፍራም አይደለም። ሰው እራቱን የሚያሞቅበት ሰዓት ነው፤ ከታች ደግሞ ሰርግ ነበር።

ዊንታ እባላለሁ። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ከኣርያም ጋር የምንኖረው አፓርታማ መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ቴራሱ ብቻ ነው፤ ልብስ የሚሰጣበት፣ የውሃ ሮቶዎች የተደረደሩበት።

እማ ያኔ ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ነበር። ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ቀን ቀን ብቻዋን ስለምትውል አንድ ሕግ አወጣንላት።

"ድምፃችንን ሳትሰሚ ለማንም በር እንዳትከፍቺ።"

"እሺ የኔ አለቆች" ትለናለች እየሳቀች።

ለቀዶ ጥገና ለየካቲት ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። እማ ልጅ ሆና ሰባቱን ከዋክብት ማታ ማታ ደጅ ተቀምጣ ታያቸው እንደነበር ሁሌ ትነግረናለች። ኣርያም ይህንን ይዛ ተነሳች።

"ዓይኗ ሲገለጥ መጀመሪያ እሱን ነው የምናሳያት። ባይኖኩላር እንግዛ።"

"ላም አለኝ በሰማይ!" አልኳት። "ኮከብ የሚታየው በቴሌስኮፕ አይደል እንዴ?"

"ለጀማሪ ባይኖኩላር ይሻላል ዊንቲ። ሰፊ ሰማይ ያሳይሻል። ደግሞ በሁለት ዓይንሽ ነው የምታዪው።"

እህቴ አንድ ነገር ካነበበች አትቻልም። ቅዳሜ ሃያ ሁለት ሰፈር ሄድን፤ አብዱራሕማን የሚባል ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጥ ልጅ ጋ።

"ለምንድነው የፈለጋችሁት?" አለን። "ጎረቤት ልታዩ ነው?"

"ኮከብ" አለች ኣርያም።

ሁለት አወጣልን። እኔ የሚያብረቀርቀውን አነሳሁ። ሃያ ጊዜ ያቀርባል ይላል። ሃያ ካለ አስር ማን ይገዛል?

ኣርያም ከእጄ ቀማችኝ።

"ሃያ ጊዜ ሲያቀርብ የእጅሽንም መንቀጥቀጥ ሃያ ጊዜ ያጎላዋል። ኮከቡ እንደ ዝንብ ነው የሚዘልብሽ። ይሄኛው አስር በሃምሳ ነው። አስር ጊዜ ያቀርባል፤ ሃምሳው የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው። ሰፊ ሲሆን በጨለማ ብዙ ብርሃን ያስገባል።"

ከዚያ ሱቁ በር ላይ አቆመችኝና እንዴት እንደሚሞከር አሳየችኝ። መጀመሪያ በግራ ዓይን ብቻ፣ ቀጥሎ በቀኝ፣ ከዚያ በሁለቱም። ሁለቱ ሥዕሎች ካልገጠሙ ትርፉ ራስ ምታት ነው አለች።

ገጠሙ።

አስፋልቱን ማዶ አየሁ። ታፔላው፣ ሚኒባሱ፣ የረዳቱ እጅ... ሁሉም ከእጄ ጋር ይንቀጠቀጣል። ፎቁ ጫፍ ላይ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል።

እነሱ አይንቀጠቀጡም።

"ጥሩ ነው ባክሽ፣ ዝም ብሎ ይቆማል" አልኩ። ሳላስበው ነው ያልኩት። ገዛነው።

አሁን የቴራሳችንን ነገር ልንገራችሁ። የተሰጣ ልብስ ስለሚሰረቅ ጥበቃው ጋሽ ገብረእዝጊ ሲመሽ በሩን ይቆልፉታል። ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በየጊዜው ወጥተው "ሰው አለ?" አይሉም። ስለዚህ የሕንፃው ሰው አንድ ልማድ አለው። ቴራስ የወጣ ሰው ከነጠላ ጫማው የቀኙን እግር መጨረሻው ደረጃ ላይ ትቶ ይገባል። ጫማ ካለ ሰው አለ። ጫማ ከሌለ... ይቆለፋል።

አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

የዚያኑ ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እራገም ነበር። ኣርያም ግን ከሶፋው ዘላ ተነሳች።

"ሰማዩ ወጣ! ቶሎ!"

ስልኬን ሳነሳ እጄን መታችኝ።

"ስልክ አይወጣም! ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። አንዴ ስክሪን ካየሽ እንደገና ከዜሮ ነው።"

ሁለቱንም ስልኮች እማ አጠገብ አስቀመጥናቸው። ስንወጣ ከኋላችን ጮኸች።

"ኮከብ እንዳትቆጥሩ፣ ኪንታሮት ታወጣላችሁ!"

የቀኝ እግር ጫማችንን ደረጃው ላይ ተውን። የሷ ቢጫ፣ የኔ ጥቁር።

ክርኔን ሮቶው ላይ አስደግፌ ወደ ላይ አየሁ። ሰባት ብቻ መስለውኝ ነበር... መቁጠር እስኪያቅተኝ ብዙ ናቸው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እማ ይህን ልታይ ነው ብዬ ሳስብ እንባዬ መጣ። የባይኖኩላሩን መስታወት አበላሸሁት፤ ኣርያም ሳቀችብኝ።

ከዚያ ሰማነው።

ጠፍ... ጠፍ... ጠፍ...

በነጠላ ጫማ የሚሄድ ሰው። ደረጃውን ይወርዳል።

"ሰማሽ?" አለች ኣርያም በሹክሹክታ።

"ልብስ ሊያነሳ የመጣ ሰው ነው።"

"ሲወጣ ግን... አልሰማንም።"

ትንሽ ቆይቶ የጋሽ ገብረእዝጊ ሳል መጣ። ከዚያ የቁልፍ ድምፅ።

ቀጭ።

"ጋሼ! ጋሼ፣ እኛ አለን!"

ከታች የሰርጉ ድንኳን በጄኔሬተር ይጨፍራል፤ ከበሮ፣ እልልታ፣ ስፒከር። እኔ ራሴ የራሴን ድምፅ በደንብ አልሰማሁትም። የብረት በሩን ደበደብነው። በሆዴ ተኝቼ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አየሁ። የጋሼ ባትሪ ብርሃን እየራቀ ነበር።

ደረጃው ላይ ጫማ የለም።

"ማን አባቱ ነው ጫማችንን የወሰደው?" አልኩ። ያኔ ገና ተናድጄ ነበር እንጂ አልፈራሁም።

መብራት መጣ።

ከእኛ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሙሉ በሙሉ በመስታወት የተለበጠ ገና ያልተከፈተ ሕንፃ አለ። የእኛ ሕንፃ መስኮቶች በሙሉ እሱ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። መስኮት ላይ የቆመ ጎረቤት ካለ እጄን ላውለበልብለት ብዬ ባይኖኩላሩን ወደዚያ አዞርኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የራሳችንን ቤት ነው።

እማ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ በሩ ትሄዳለች።

"አሪ... እማ በር ልትከፍት ነው።"

"ለማን?"

ሁለት ሴቶች ገቡ። አንዷ ግራጫ ሹራብ ለብሳለች። የኔን ሹራብ። እጄን ወደ ደረቴ ሰደድኩ... ሹራቤ እላዬ ላይ ነው።

እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጋረጃው ይንቀጠቀጣል። ሶፋው ይንቀጠቀጣል። እናቴ ትንቀጠቀጣለች።

ሁለቱ ግን ቀጥ ብለዋል።

ኣርያም ተቀብላኝ አየች።

"ዊንቲ... ያቺ እኔ ነኝ።"

መልሼ ነጠቅኳት። እማ እራት አቅርባለች። ሁለቱ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እማ ጉርሻ ጠቅልላ ፊታቸውን በእጇ ፈልጋ አጎረሰቻቸው። ተቀበሏት። አንደኛዋ የሆነ ነገር አለቻት መሰለኝ... እማ ሳቀች።

እናቴ ከእግሬ ሥር ነበረች። የለየን አንድ ጣሪያ ነው። ልደርስላት አልቻልኩም።

ሲሚንቶውን በተረከዜ መታሁት። ደጋግሜ መታሁት።

መስታወቱ ውስጥ እማ ቀና ብላ ወደ ኮርኒሱ ዞረች። ግራጫ ሹራብ የለበሰችው እጇን ያዘቻት፤ ቀስ አድርጋ ደባበሰቻት። እማ ወደ ምግቡ ተመለሰች።

ከዚያ ሴትየዋ ተነሳች። ወደ መስኮቱ መጣች። ማዶ ያለውን መስታወት... በመስታወቱ በኩል ደግሞ እኔን... ቀጥ ብላ አየችኝ።

ፊቷን አልናገርም። ጠዋት ጠዋት ስታጠብ የማየው ፊት ነው።

መጋረጃውን ዘጋችው።

"ጫማሽን ወርውሪ!" አለች ኣርያም እያለቀሰች።

የግራ እግራችን ጫማ ቀርቶን ነበር። የሷ ድንኳኑ ላይ አረፈ፤ ማንም ልብ አላለውም። የኔ ግቢው መሃል ወደቀ። የባትሪ ብርሃን መጣ፣ ጫማውን አገኘው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

"ማነው?"

ጋሽ ገብረእዝጊ በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

"እንዴ... እናንተ አሁን ወርዳችሁ የለም እንዴ?"

"ማን ወረደ ጋሼ?"

"አንቺና እህትሽ ናችኋ! ጫማችሁን አድርጋችሁ በአጠገቤ አልፋችሁ። ደህና እደሩ ብለሽኝ... ድምፅሽን አላውቀውም?"

በባዶ እግራችን ወረድን። በሩን አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እማ። ዊንታ።"

ከበሩ ጀርባ፣ በጣም ቀርባ፣ በዝግታ...

"ዊንታ አጠገቤ ናት።"

ኣርያም መሬት ላይ ተቀመጠች። "እማ በእመቤቴ! ክፈቺልን!" እያልኩ በሩን በመዳፌ መታሁት። ስንት ጊዜ እንደመታሁ አላውቅም። በመጨረሻ ቁልፉ ዞረ።

እማ ብቻዋን ቆማለች። ግራ እጇ ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ የሰው እጅ እንደያዘች ሁሉ።

"አሁን... እዚህ ነበራችሁ እኮ" አለች።

አልጋ ሥር፣ ቁምሳጥን፣ ሽንት ቤት... ሁሉንም አየን። ማንም የለም። ምንጣፉ ላይ ግን ሁለት የቀኝ እግር ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቢጫና ጥቁር።

"ቀልደንብሽ ነው" አልናት። ቀዶ ጥገናዋ ሳይደርስ ልናስደነግጣት አልፈለግንም። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን ስታጎርሰን እጇ ፊታችን ላይ ይቆያል። አፍንጫችንን፣ ጉንጫችንን ትዳብሳለች። እየለካችን እንደሆነ አውቃለሁ።

የካቲት ላይ ዓይኗ ተገለጠ። እግዚአብሔር ይመስገን። ፋሻው ሲነሳ እልል ትላለች ብለን ነበር፤ እሷ ግን ሁለታችንን አፈራርቃ ብዙ ጊዜ አየችን። ከዚያ "ከስታችኋል" ብቻ አለች።

አሁን ወደ ባለፈው እሁድ ልምጣ።

ፀሐይ እየገባች ነበር። ቴራሱ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ተቆልፎ ነው የሚውለው፤ ሲጨልም ኮከቡን በመስኮት ልናሳያት ሶፋውን አስጠጋን። እማ መሃላችን ተቀምጣ በባይኖኩላሩ ወዲያ ወዲህ ትቃኛለች። ድንገት ከዓይኗ አወረደችው። እጄን ያዘችኝ።

"ልጆቼ... ቴራሱ ላይ ሰው አለ እንዴ?"

"የለም እማ። ተቆልፏል።"

"መስታወቱ ላይ ይታዩኛል። ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው። በር ይደበድባሉ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንድ አንድ እግራቸው ባዶ ነው..."

በሌላኛው እጄ ባይኖኩላሩን ተቀበልኳት።

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሕንፃው ጫፍ ይንቀጠቀጣል፤ ሮቶው ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ግን ቀጥ ብለዋል። አንዷ ጎንበስ ብላ ከግራ እግሯ የሆነ ነገር አወለቀች። ወረወረችው።

በመስኮታችን በኩል ጥቁር ነጠላ ጫማ አልፎ ወደ ታች ወደቀ።

"ማነው?" ሲሉ ሰማኋቸው ጋሽ ገብረእዝጊ ከግቢው።

ኣርያም ክንዴን ጨመደደችኝ። የቁልፎች ድምፅ በበራችን አልፎ ወደ ላይ ወጣ። የብረቱ በር ተከፈተ። ከዚያ በባዶ እግር እየሮጠ የሚወርድ ሰው...

በራችን ተንኳኳ።

"ማነው?" አለች እማ።

"እኔ ነኝ እማ። ዊንታ።"

የሚያለቅስ ድምፅ ነው። የኔ ድምፅ።

"እማ... እንዳትከፍቺ" አልኳት። "እኔ አጠገብሽ ነኝ።"

እማ ዞር ብላ በአዲሱ ዓይኗ አየችኝ። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አፌን።

ከዚያ እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች።