ስህተት ያልነበረበት ቃል

አስቻለችና ምንይሉ የተዋወቁት እሷ በምታስተምርበት በቢቸና በተሰጠ የኮምፒዩተር መምህራን ስልጠና ነው። ኮምፒዩተሯ አልከፈት ሲላት፣ አጠገቧ የተቀመጠው የሞጣው መምህር ምንይሉ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሰካላት።

«እኔም ትናንት ሳልሰካ ስታገል ነበር» አላት።

ዋሽቷል፤ እንዳታፍር ነው። ገብቷት መሬት መሬቱን እያየች አመሰገነችው።

ከዚያ ወዲህ በስልክ እየተመካከሩ ለአንደኛ ክፍል ልጆች የፊደል ጨዋታ ሠሩ። ኮምፒዩተሩ ከአንድ ቃል ውስጥ አንዷን ፊደል በዘፈቀደ ይቀይራል፤ ልጁ የተቀየረችውን ፈልጎ ይነካል። ፊደል የሚቀይረውን ኮድ የጻፈው ምንይሉ ነው።

ጨዋታው ሳያልቅ ፍቅሩ ቀደመ። ምንይሉ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገራት። ወር ወርን ሲወልድ ግን መልሱ አንድ ሆነ፦ «የኔታ ሣህለ ማርያም እስኪሻላቸው።» ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣውን ምንይሉን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ባልደረባዋ ፀሐይነሽ ይህን ስትሰማ ሳቀች።

«ሞጣን የሚያህል አገር አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው ያለው? ልቡ የሸፈተ ወንድ ሰበብ አያጣም፣ እቴ።»

አስቻለች የምንይሉን መልእክቶች እየመላለሰች ታነብ ጀመር። የመጀመሪያ ቃሉ ራሱ ውሸት እንደነበረ ትዝ አላት። በመጨረሻም ስልኩን ማንሳት ተወች።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ምስራቅ የምትባል ተማሪዋ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይኼ ስህተት የለውም።»

ደህና አድርጋ እንድትፈልግ ነገረቻት። ልጅቷ ፈልጋ ፈልጋ ሲያቅታት አንዷን ፊደል ነካች። ኮምፒዩተሩ ተሳስተሻል አላት፤ አለቀሰች። አስቻለች መጥታ ብታይ፣ «መስኮት» የሚለው ቃል አንድም ፊደሉ ሳይቀየር ተጽፏል።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ኮዱን ከፈተች። ያንኑ ቃል ደጋግማ ሰጠችው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቀይራል፣ አልፎ አልፎ እንዳለ ይመልሳል። መስመር በመስመር ስትከተለው ገባት። ኮዱ «መ»ን ሊቀይር ሲፈልግ ከ«መ» እስከ «ሞ» ካሉት ሰባቱ አንዱን በዘፈቀደ ያነሳል፤ አንዳንዴ ታዲያ ራሷን «መ»ን ያነሳና መልሶ ያስቀምጣል። ከዚያ ልጆቹ የሌለ ስህተት እንዲፈልጉ ያደርጋቸዋል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር፤ ያው ፊደል ከወጣ ሌላ አንሳ። ጻፈችው፣ ሠራ። ኮምፒዩተሩን ግን አልዘጋችም። የምስራቅን እንባ አሰበች፤ ቀጥሎ ስህተት ስትፈልግባቸው የከረመችውን የምንይሉን መልእክቶች።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዛ ሞጣ ወረደች። ምንይሉን ያገኘችው የኔታን በደረቱ ደግፎ አጥሚት በማንኪያ ሲያጎርሳቸው ነው።

«ስልክ አታነሺም» አላት፣ ማንኪያውን እንደያዘ።

«ኮድህ ስህተት ነበረበት። አስተካከልኩት።»

«ለሱ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም።»

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይቺ ናት የቢቸናዋ? ልጄ፣ ሌላ ሽማግሌ ላክ ብዬ ብነግረው፣ ያለእርስዎ ማን አለኝ ብሎ እምቢ አለኝ። የኔ እግር ደግሞ ከእንግዲህ ቢቸና አይደርስም።»

አስቻለች በሽማግሌ ፊት ደፍራ ተናግራ አታውቅም። የሴት አባት ወደ ወንድ ቤት መሄዱም ነውር ነው። የታመመ መጠየቅ ግን ማንንም አያስነውርም።

«አባቴ... ለጥየቃ ይመጣሉ» አለች።

ቤቷ ገብታ ሁሉንም ለአባቷ ለአቶ ዘመነ ነገረቻቸው። በሳምንቱ ብርቱካን አስይዘዋት አብረው ሄዱ።

«እግዜር ይማርዎ፣ የኔታ።»

የኔታ ሊነሱ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«አቶ ዘመነ፣ ወጉ ሽማግሌ ቆሞ መለመኑ ነበር። እኔ ተኝቼ ልለምንዎ ነው።»

አቶ ዘመነ ከተቀመጡበት ተነሡና አልጋው አጠገብ ቆሙ።

«እንግዲያውስ እኔ ልቁምልዎ። ይናገሩ።»

የኔታ ለመኑ። አቶ ዘመነ እንደቆሙ ልጃቸውን ፈቀዱ።

አስቻለች ደጅ ስትወጣ ምንይሉ ተከተላት።

«ያን ቀን ገመዱን...» አለችው፣ «አንተም እውነት ሳትሰካ ስትታገል ነበር?»

«አይ፣ ዋሽቼሽ ነው።»

«አውቄ ነበር» አለች። በዚህ ጊዜ ግን መሬት መሬቱን አላየችም።